የእትዬ ፈንታነሽ ሰባት እግር በርበሬ

እኔ የተማርኩበት የእርሻ መጽሐፍ «በርበሬ በደጋ አይለማም» ይላል። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። እትዬ ፈንታነሽ ግን መጽሐፉን አላነበቡትም። ስላላነበቡትም ከደብረ ታቦር የአንድ ሰዓት ተኩል ዳገት በሚያስወጣ፣ ከገብስና ከድንች በቀር ብዙ ነገር በማይበቅልበት ብርድ አገር፣ በጓሯቸው በርበሬ ያበቅሉ ነበር።

የልማት ሠራተኛ ሆኜ እዚያ ገበሬ ማኅበር የተመደብኩት በ1977 ዓ.ም. ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ስሜ ደሳለኝ፣ አገሬ ሐሙሲት። ሐሙሲት ሞቅ ያለ አገር ስለሆነ በርበሬ ለእኔ ብርቄ አይደለም። የእሳቸውን ጓሮ ሳይ ግን ሳቄ መጣ።

«ይኼ እኮ ውርጭ ሲመጣ ያልቃል፣ እትዬ» አልኳቸው።

«የሚያልቀውማ አልቋል» አሉኝ ከኩትኳቷቸው ቀና ሳይሉ። «ይኼ ያላለቀው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲዳሩ እናታቸው ከደራ በኩል ያመጡትን አንድ ጭብጥ ዘር ሰጥተዋቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት እግር በቀር ሁሉንም ውርጭ ገደለው። ሌላ ሴት ብትሆን «አገሩ አይደለም» ብላ ትተወው ነበር፤ ጎረቤቱም ያላቸው ይኼንኑ ነው። እሳቸው ከሁለቱ እግር ዘር ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት አምስት ተረፈ፤ ከአምስቱ ያዙ። እንዲህ እያሉ ውርጭ የገደለውን እየጣሉ፣ የተረፈውን እየዘሩ አሥራ ስድስት ዓመት ሄዱ። በኋላ ከተማ ወርጄ ስማር ይኼ ሥራ ትልቅ ስም ተሰጥቶት አገኘሁት። ያኔ ግን የአንዲት ሴት እልህ መስሎ ነው የታየኝ።

ዘራቸው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው እንባ የሚያስረጭ ነው፤ «ቁጡ» ይሉታል። ሁለተኛው ዛላው እንደ ደም ይቀላል፤ ምላስ ላይ ግን ቃጠሎ የለውም፣ ይጣፍጣል እንጂ። እሷን «የዋሂት» ይሏታል። ቁጡን ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ የዋሂትን በስተምዕራብ ይተክላሉ፤ መሐላቸው የድንጋይ ቤታቸው ይቆማል። ለምን እንደሚለያዩአቸው ጠየቅኋቸው።

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ሲባል አልሰማህም? ንቡ ከዚያ ወደዚህ ሲመላለስ የዘንድሮው ዛላ ደህና ይመስልሃል፤ ዘሩን ስትዘራው ነው ጉድህ የሚወጣው። ቁጡ የዋህ ሲሆን አላየሁም። ሁልጊዜ የምትበላሸው የዋሂቱ ናት።»

ዘር የሚመርጡት በምላሳቸው ነው። ከየእግሩ አንድ ዛላ ቆርጠው ጫፉን በምላሳቸው ይነኩና ለደጉ ነጭ ክር፣ ለቁጡ ጥቁር ክር ግንዱ ላይ ያስራሉ። ክር ያላሰሩለት ለወጥ ነው። ክር ያሰሩለትን ደግሞ እግሩ ላይ ቀልቶ፣ ቆዳው እስኪጨማደድ ማንም አይነካውም። አንድ ጊዜ እኔ ልነካ ብዬ እጄን በጭራሮ መትተውኛል፤ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔ ምንም አልረዳኝም።

በ1978 ሰኔ በረዶ ወረደና መደቡ ላይ የነበረውን ችግኝ ሁሉ አንድ ላይ ደቆሰው። እትዬ ፈንታነሽ በአመድ ለውሰው በቅል ያስቀመጡትን ዘር እስከ መጨረሻዋ ፍሬ አራግፈው ሐምሌ ላይ እንደገና ዘሩ። የተረፈላቸው አሥራ አንድ እግር ቁጡና ሰባት እግር የዋሂት ነው። በቅሉ ውስጥ አንዲት ፍሬ አልቀረም።

አዲሱ ዓመት ሲገባ ደግሞ መንደር ምሥረታ መጣ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ፣ ጣራና ምሰሶውን ተሸክሞ፣ ሜዳው ላይ በተመተረለት ቦታ በመስመር እንዲሠፍር ታዘዘ። ሜዳው ላይ ገመድ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ውኃ ይገባል፣ ትምህርት ቤት ይሠራል ብዬ የሰበክሁትም እኔ ነኝ፤ ውኃው እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። የመጨረሻው ቀን ኅዳር ሠላሳ ተባለ።

ዘግይቶ የተዘራ በርበሬ በኅዳር አረንጓዴ ነው። እንኳን ሊቀላ ዛላው ገና ውስጡ ውኃ ነበር።

በስብሰባው ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካሳሁን ስም እየጠራ «ዝግጁ» ሲያስብል እትዬ ፈንታነሽ ጋ ደረሰ። ተነሡ።

«እኔ አልሄድም አላልኩም። በርበሬዬ ሳይበስል አልሄድም ነው የምለው።»

ሰዉ ሳቀ። ካሳሁን አልሳቀም። «እትዬ ፈንታነሽ፣ አብዮት በርበሬ አይጠብቅም» አለ።

«በርበሬም አብዮት አያውቅም፤ የሚያውቀው ፀሐይ ነው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

እሳቸውን ማሰር አሳፈረውና ባላቸውን ጋሼ ማሩን አሰረ። ጋሼ ማሩ በዓመት አሥር ቃል የማይናገሩ ሰው ናቸው። በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጎን ባለች የእህል ክፍል አራት ቀን ዋሉ። በሦስተኛው ቀን «ሚስትዎን ይምከሩ» ልል ገባሁ። ከቤት የተላከላቸውን ምሳ እየበሉ ነበር፤ ወጡ ቀይ ነው፣ ያስፈራል።

«ቅመስ» አሉኝ።

ጎረስኩ። አፌን ለቃጠሎ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ፤ ቃጠሎው አልመጣም።

«ጨጓራ አለብኝ» አሉ ጋሼ ማሩ። «በርበሬ ከቀመስኩ ሦስት ቀን እተኛለሁ። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ በሰው ፊት አልጫ ስበላ ባልንጀሮቼ ‹አራስ› ይሉኝ ነበር። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ብቻ አንድ ዓመት ከጓሮው መሐል የማታቃጥል አንዲት እግር አገኘች። ከዚያች አንዲት እግር ይኼንን አወጣችልኝ። ይኸው ከሰው እኩል ቀይ ወጥ እበላለሁ፤ ማንም አያውቅም።» ጉርሻቸውን ውጠው ጨመሩ፦ «ውጪ ብትሏት አትወጣም። እኔም ውጪ አልላትም። አሁን ሂድ።»

ከሐሙሲት ገበያ ሌላ ዘር እገዛላቸዋለሁ ልል አስቤ ነበር። ሐሳቤን ትቼ ወጣሁ። የሐሙሲት በርበሬ እዚህ አንድ ሌሊት አያድርም፤ ለአንድ ሰው ጨጓራ ተብሎ የተለቀመ በርበሬ ደግሞ በየትኛውም ገበያ አይሸጥም። ያቺ ሰባት እግር ከጠፋች በቃ፣ ጠፋች።

ኅዳር ሠላሳ ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ወረደ። ጋሼ ማሩ ከእስር ተፈተው ሜዳው ላይ ጎጆ እንዲቀልሱ ተላኩ። ካሳሁን ሰዎች ይዞ መጥቶ የእትዬ ፈንታነሽን ቤት ጣራ አስገፈፈ። አልተከላከሉም። ግድግዳውን ሊንዱ ሲጠጉ ግን ዘነዘናቸውን ይዘው መሐል ቆሙ።

«ጣራው የእኔ ነው፣ ውሰዱት። ግድግዳው የበርበሬው ነው። ቀን የሞቀው ድንጋይ ነው ሲነጋ ከውርጭ የሚያወጣልኝ። ከነካችሁት ቀድማችሁ እኔን ንዱኝ።»

ከመካከላቸው ሁለቱ የክርስትና ልጆቻቸው ነበሩ፤ መጀመሪያ ያፈገፈጉት እነሱ ናቸው። ካሳሁንም ብቻውን ግድግዳ አይንድም። ጣራውን ተሸክመው ወረዱ።

እትዬ ፈንታነሽ ጣራ በሌለው ቤት ውስጥ፣ ጥግ ላይ የቆዳ ጀንዲ እንደ ጣራ ወጥረው ሃያ ሁለት ቀን ተቀመጡ። ጎሕ ሳይቀድ ኩበት እያጫጫሱ ጭሱን ወደ በርበሬው ይነዱታል። ከሜዳው ላይ ሆነን ያንን ጭስ በየጠዋቱ እናየዋለን። መጀመሪያ ሰዉ ይቀልድ ነበር፤ «የፈንታነሽ መንግሥት ተነሣ» ይላል። እየቆየ ቀልዱ ቀረ። ጠዋት ከጎጆው የወጣ ሁሉ ቀድሞ ወደ ላይ ማየት ጀመረ። ጭሱ ካለ ደስ ይለው ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ላይ ከአውራጃ ጓድ ሙላቴ የሚባል ካድሬ ለጉብኝት መጣ። ሜዳውን አየ፣ መስመሩን አደነቀ፣ ቀና ሲል ጭሱን አየ። «ያ ምንድን ነው?» አለ። ካሳሁን መሬት መሬት አየ። እኔም እንዲሁ።

ተያይዘን ወጣን። ስንደርስ እትዬ ፈንታነሽ አንድ ዛላ ሰንጥቀው ፍሬውን በፊት ጥርሳቸው እየነከሱ ነበር። «ጠንክሯል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ነው እኛን ያዩን። «እንደምን ዋላችሁ፣ ጌታው።»

«ጌታ የሚባል የለም፤ ጓድ ነው!» አለ ሙላቴ። ቤቱን አየ፣ ጀንዲውን አየ፣ በርበሬውን አየ። «ለዚህ ነው? ለዚህ ለአረንጓዴ ቅጠል?» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ጓድ ደሳለኝ፣ አሁኑኑ ንቀለው!»

ቆምኩ። ቆምኩ ስል ጀግና ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ እግሬ ነው የቆመው። ሁሉም ያዩኛል። ልማት ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዜ፣ ሐሙሲት ያለችው እናቴ፣ ወኅኒ ቤቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ። ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያዋን ግንድ ያዝኩ።

«ከተነቀለስ ከነሥሩ ንቀለው» አሉ እትዬ ፈንታነሽ። ድምፃቸው የለሰለሰ ነው። «ቆርጠህ ጉቶውን ብትተወው ያቆጠቁጥና ጌታውን መልሶ ያናድዳቸዋል።»

«አዎ! ከነሥሩ!» አለ ሙላቴ።

አሥራ ስምንቱንም ከነሥሩ ነቀልኩ። እሳቸው እየተከተሉ ከእጄ ይቀበሉኛል፤ ነጭ ክሩን በአንድ ነጠላ፣ ጥቁር ክሩን በሌላ ነጠላ ይጠቀልላሉ። ሙላቴ «ምን ያደርግልሻል?» አላቸው። «ማገዶ» አሉት። እንባ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ስላላገኘ ተበሳጭቶ ቀድሞን ወረደ።

የዚያኑ ቀን ሜዳው ላይ፣ በአዲሱ ጎጆ ወራጅ ላይ፣ አሥራ ስምንቱን እግር ሥሩን ወደ ላይ፣ ዛላውን ወደ ታች አድርገው ሰቀሉት። ፍሬው የጠነከረ ዛላ ከሥሩ ካልተለየ ተሰቅሎም ይበስላል። ሃያ ሁለቱን ቀን የታገሉት ለዚች ጥንካሬ ነበር። በጥር አጋማሽ የካሳሁን ሚስት አይታው መጥታ ነገረችን፤ ቀልቷል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ መንደሩን የሚጠብቅ መንግሥት ጠፋ። ሕዝቡ ማንም ሳይነግረው ጣራውን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ወጣ። እትዬ ፈንታነሽ ግድግዳቸው ቆሞ ስለጠበቃቸው ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው። ዘራቸውን ለጠየቀ ሁሉ ሰጡ። ካሳሁን እንኳ ሄዶ «ባልዎን ያሰርኩ፣ ጣራዎን የገፈፍኩ እኔ ነኝ፤ በድያለሁ» ብሎ እግራቸው ላይ ወድቆ፣ ከሁለቱም ዓይነት ወስዷል።

እኔም ሄድኩ። ያኔ ሥራ ለቅቄ ደብረ ታቦር ቤት ሠርቼ፣ ጓሮ ነበረኝ። በየሄድኩበት ይኼንን ታሪክ አወራ ነበር፤ ስጨርስም ሁልጊዜ «እኔ ከነሥሩ ባልነቅለው ኖሮ ዘሩ ጠፍቶ ነበር» እላለሁ። ሲደጋገም እኔም አምኜዋለሁ። ለእሳቸውም ይኼንኑ አልኳቸው።

«እኔ እኮ ነኝ ያተረፍኩልዎ፣ እትዬ። እስቲ ከየዋሂት ትንሽ ይስጡኝ።»

እጃቸው ቅሉ ላይ ነበር። መልሰው ከደኑት።

«ለአንተስ አልሰጥም» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም።

«ንቀለው ያለህ እሱ ነው። ከነሥሩ ያልኩህ እኔ ነኝ። ቁረጠው ቢልህ ትቆርጠው ነበር። ታዲያ፣ ልጄ፣ ያንተ የቱ ነው?»

ጋሼ ማሩ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያማልዱኛል ብዬ አየኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ፊታቸውን ወደ ጓሮው መለሱ። የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ ባዶ እጄን ወረድኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ የምመልሰው ቃል ፈለግሁ። እነሆ ሸምግያለሁ፤ በርበሬ የምንገዛው አሁንም ከገበያ ነው።