ጥድ ጥድ የሚሉት እማማ

የደን ጠባቂው ታፈረ በአፍንጫው ይተማመናል። ብልባላ ገበያ ውስጥ ትኩስ ጥድ ከሸተተው አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ቆርጧል ማለት ነው፤ በዚያ አገር ሌላ ጥድ የት ተረፈና! የዚያን ቅዳሜ ሽታውን ተከትሎ የጨው ተራውን ሲያልፍ ያገኘው ግን የተቆረጠ ግንድ ሳይሆን አንዲት የማያውቃቸው ባልቴት ነበሩ።

ባልቴቷ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። የቀሚሳቸው እጅጌ ሁለት ቦታ ተጥፏል፤ ሽበታቸው ግን በወጉ ተጎንጉኗል። ዋጋ ሲጠይቁ ይስቃሉ፤ ሲወደድባቸውም ይስቃሉ።

«እማማ፣ ጥዱን የት ደበቁት?» አላቸው ታፈረ ቆጣ ብሎ።

«አንገቴ ላይ!» አሉና ከጉያቸው ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። «እኔ የደላንታ ሰው ነኝ። በመንደር ምሥረታው የአባቴን ቤት ሲያፈርሱ የጥድ ምሰሶውን ለአዳራሽ ብለው ጠረቡት። እኔም ፍቅፋቂውን ለቅሜ በኑግ ዘይት ዘፈዘፍሁት። ይኸው ቤቴን ተቀብቼ እዞራለሁ!»

ታፈረ ጎንበስ ብሎ ብልቃጡን አሸተተ። እሳቸውም ጣታቸውን ነክረው ከጆሮው ሥር ቀቡት።

«አየህ የኔ ልጅ፣ አሁን ቀና አልህ» አሉና እየሳቁ ወደ ሽንኩርት ተራ አለፉ።

ከሰዓት በኋላ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ንግግራቸውን አቋርጠው አየሩን አሸተቱ።

«ማነው ጥድ የቆረጠ?»

ሰው ሁሉ ወደ ታፈረ ዞረ። እሱም ሳቁ እየተናነቀው ቀጥ ብሎ ተነሣ።

«አልቆረጥሁም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። የእማማን ቤት ተቀብቼ ነው።»