ብቻውን ያለበት ፎቶ

ሐውልት ሠሪው ነገሩን ሲናገር ቀላል አስመስሎት ነበር። «ድንጋዩ ላይ የማትመው ወንድምዎ ብቻቸውን ያሉበት ፎቶ ከሆነ ነው፣ እትዬ። ይሄማ ሁለት ሰው አለበት። እርስዎን በቁምዎ መቃብር ላይ ልለጥፍዎት?» አላት። እሷም ለወጉ ፈገግ ብላ፣ «ሌላ የለም» አለችና ፎቶውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሰፈሩ «እትዬ ታይፕ» ነው የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ስትመታ ኖራ በጡረታ የወጣች ሴት ናት። አላገባችም። ታላቅ ወንድሟም አላገባም። ወላጆቻቸው በተዉላቸው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለቱም ሳያስቡት አብረው አረጁ። እሱ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሱቁም ያችው መንገድ ላይ የምትወጣው ክፍል ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ማጉያ መነጽሩን በግራ ዓይኑ ጨምድዶ ስለያዘ ግራ ዓይኑ ከቀኙ አንሶ ቀረ። ሰው ሲያናግር የሚጠቅስ ይመስላል፤ በዚህ የተነሳ ስንት ሴት ደንበኛ በከንቱ ተሽኮርምማለች። በክረምቱ መግቢያ ሳል ያዘው። «ይለቀኛል» እንዳለ በሦስተኛው ሳምንት አለፈ።

ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። «ቀጥ ብሎ የሚቆመው የተበላሸ ሰዓት ነው» ይላል። ያለው አንድ ፎቶ እሷ ጡረታ የወጣች ዕለት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተነሱት ነው። እሱ በቡና ዓይነት ኮቱ ቆሟል፤ እሷ አበባ ታቅፋ በሌላው እጇ ክንዱን ይዛዋለች።

መጀመሪያ ወንድሟን ለብቻው እንዲያወጣላት ጥግ ላይ ላለው ፎቶ አንሺ ሰጠችው። በማግስቱ ስትሄድ የሠራውን አሳያት።

«ይሄ ማነው?» አለችው።

«ወንድምዎ ናቸዋ። ትንሽ አሳመርኳቸው።»

«እሱ ከራቫት አስሮ አያውቅም።»

«ክንዳቸውን እርስዎ ይዘውት ስለነበር ሙሉ ሱፍ አለበስኳቸው።»

«ዓይኑንስ?»

«አንደኛው አንሶ ስለነበር ከሌላኛው ጋር አስተካከልኩት።»

ልጁ ክፋት የለበትም። እሷም አልተቆጣችም፤ ፎቶው ላይ ግን የእሱ ዓይን የለም። «ተወው፣ እኔው እሠራዋለሁ» አለች። ፎቶ አንሺው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከልቧ መሆኑን ሲያይ ግን ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲያሰናብታት በሸለማት ኮምፒውተር ላይ ፎቶ ማስተካከያውን ጫነላት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና፣ «ከላይ የተደረደሩትን ቃላት ይዩ፤ ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ነው። ደግሞ ዋናውን አይንኩ፣ በቅጂው ላይ ይሥሩ» አላት።

ከላይ የተደረደሩት ዘጠኝ ነበሩ። «ፋይል»ና «ኤዲት» የድሮ ወዳጆቿ ናቸው፤ በደብዳቤ ዘመኗ ታውቃቸዋለች። ከ«ኢሜጅ» ወዲያ ግን የማታውቀው አገር ሆነባት። አንዱን ስትነካው ዝርዝር ቁልቁል ይዘረገፋል፤ ከዝርዝሩ ጎን ሌላ ዝርዝር ይወጣል፤ እጇ ትንሽ ሲንሸራተት ሁሉም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ደብተር ገዝታ ለያንዳንዱ ሜኑ አንድ ገጽ ሰጠችው። በቀን ከአንድ ሜኑ በላይ አልሄድም ብላ ቆረጠች።

የቸገሯት ደብዝዘው የተጻፉት ትእዛዞች ናቸው። ብትጫናቸው ንቅንቅ አይሉም። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን «ሰሌክት» በሚለው መምረጫ ገብታ የኮቱን ኪስ በመስመር ስትከበው፣ እነዚያ ደብዛዛ ቃላት አንድ በአንድ ደመቁ። ለካ የቱን እንደምትፈልግ አስቀድማ ካልነገረችው አይታዘዛትም።

«ጋሼ፣ አገኘሁት እኮ!» ብላ ወደ ሱቁ ክፍል ተጣራች።

ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው የነቃችው። አንገቷን ወደ ክፍሉ አዞረች። ሰዓት ያስጠገኑ ደንበኞች ዕቃቸውን ወስደዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረው መብራቱና ጨርቁ ነው። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ደብተሯ ላይ «መጀመሪያ መምረጥ» ብላ ጻፈችና ሁለቴ አሰመረችበት።

በአምስተኛው ቀን ሳታስበው ፎቶውን ግራና ቀኝ ገለበጠችው። ትንሿ ዓይን ወደ ማዶ ዞረች፤ የጸጉሩ ክፍፍል ተዛወረ። የማታውቀው ሰው ቆሞ አየች። ደንግጣ ልትመልሰው ስትል፣ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ መስተዋት ውስጥ ያየው የነበረው ፊት ይሄ መሆኑ ገባት። ያንን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረው፣ እሱ የሚያውቀውን ፊቱን እሷ አላየችውም ነበር። ቁጭ ብላ አየችው። ከዚያ በ«ኤዲት» ገብታ መለሰችው።

ያ ስህተት በኋላ ጠቀማት። የያዘችው ክንዱ ከጣቶቿ ሥር አይታይም፤ ስለዚህ የሌላኛውን ክንድ እጅጌ ከብባ ቀዳች፣ ለጠፈች፣ ገለበጠችው። ልክ መጣ። ብቻ ፀሐዩ ከአንድ ወገን ስለነበር አዲሱ እጅጌ ከመጠን በላይ በራ፤ በ«ኢሜጅ» በኩል ብርሃኑን ጥቂት በጥቂት ስትቀንስ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀባት።

ቀጥሎ የቀረችው እሷው ነበረች። ከጫማዋ ጀመረች። ቀሚሷን፣ ቦርሳዋን፣ አበባውን እያነሳች በቦታው ከጀርባ ያለውን ግንብ ቀድታ ለጠፈች። ፊቷ ጋ ስትደርስ ተነስታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጠበች። ተመልሳ ስትቀመጥ ሳቂታዋ ሴት ወንድሟን ቀና ብላ እያየችው ነበር። እንዲህ ታየው እንደነበር ያኔ አታውቅም። ከበበቻትና አወጣቻት።

ሐውልት ሠሪው ፎቶውን አቅርቦም አርቆም አየው። «ይሄን ከየት አመጡት? ሌላ የለም ብለውኝ አልነበር?»

«ፈልጌ አገኘሁ።»

«ዓይናቸው ግን አንዷ…»

«እንደሱ ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ትእዛዙን መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከወንድሟ አጠገብ ሰው ቆሞ እንደነበር ልብ አላለም። ሥራዋ ያን ያህል ጥሩ ነበር፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። «ድንጋዩ ላይ ከፎቷቸው ሥር ለእርስዎም ቦታ ልተው? ብዙ ቤተሰብ እንዲያ ያደርጋል» አላት ሊሸኛት ሲነሳ።

«አዎ፣ ተውልኝ» አለች። ደጅ ከወጣች በኋላ ተመለሰች። «ፎቶዬንም ከአሁኑ ላምጣልህ። ኋላ የሚያመጣልህ የለም።»

ያን ዕለት ከሰዓት የሁለታቸውን ፎቶ ሌላ ቅጂ ከፍታ በዚህኛው ወንድሟን ማውጣት ጀመረች። መንገዱን ታውቀዋለች። ዙሪያውን ከትከሻው እስከ ጫማው ከበበችው፣ ደብዛዞቹ ቃላት ደመቁላት። ማጥፊያውን ግን አልተጫነችም። መስመሩ በሰውነቱ ዙሪያ እየተርገበገበ ቆየ፤ መጨረሻ ላይ ምንም ሳታነሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ጸጉሯን አበጥራ ወደ ፎቶ አንሺው ሄደች። ልጁ መብራቱን ሲያበራ ከበሩ ወዲያ ተመለከተ።

«የሚመጣ ሰው አለ፣ እትዬ? ልጠብቅ?»

«የለም፣ አንሳኝ» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።