ባዝራችንን የጫነችው መኪና

ይህ የደረሰብኝ በ1966 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ገና ልጅ እግር ሚስት ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ከዚያ ክፉ ዘመን ብዙውን ረስቼዋለሁ፣ ደግሞም መርሳት ይሻላል። ይሄን ግን ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነበር። በድርቁ ሁለቱም በሬዎቻችን አለቁ። የቀረችን አንዲት ዳማ ባዝራ ብቻ ነበረች፣ እሷም እርጉዝ። ባለቤቴ ሰይድ ፈረስ አዋቂ ነው። "ይቺ ከከረመችልንና በሰላም ከወለደች፣ ከነልጇ በበሬ እንለውጣታለን። ተመልሰን እናርሳለን" ይለኝ ነበር። እኔም ሌላ ተስፋ አልነበረኝም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሷን ነበር።

ደጎሎ የምትኖር እህቱ "እኛ ዘንድ ሣር ጨርሶ አልጠፋም፤ ባዝራችሁን ላኳትና እዚህ ትክረም" ብላ ላከችብን። በእግር እንዳንነዳት መንገዱ ላይ ሣርም ውሃም የለ፣ እሷም ከስታለች። እንዳጋጣሚ አንድ ነጋዴ እህል አራግፎ፣ በወረኢሉ በኩል ወደ ደጎሎ ባዶውን ሊያልፍ ነበር። መኪናዋ የራሱ ናት፤ ሾፌር ቀጥሮ እሱ ከጎን ይቀመጣል። ጠየቅነው፤ እሺ አለ።

መኪናዋ ከአፈር ቁልል ጋር ተጠግታ ቆመች። ከኋላ ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒዋ ላይ ገለባ በወፍራሙ ተነስንሷል። ሰይድ ባዝራዋን ከማስወጣቱ በፊት ሰኮናዋን አንድ በአንድ እያነሣ አየ፣ ወገቧን ዳሰሰ፣ ገመዷን ፈትቶ እንደገና አሰረ። በፈረስ ነገር ጠጠር አታመልጠውም። መኪናዋን ግን ዞር ብሎም አላያት። እኔ ጓዛችንን ይዤ ቀድሜ ስወጣ ወለሉ እግሬ ሥር ረገብ አለ።

"ጌታዬ፣ እዚህ ጋ ሳንቃው ይረግባል። ገለባውን ገለጥ አድርገን እንየው" አልኩት ባለመኪናውን።

ጥርሱን እየፋቀ ነበር፤ መፋቂያውን እንኳ ከአፉ አላወጣም። "ሳንቃው አዲስ ነው። ሁሉንም አስፈትሼዋለሁ፤ ንጉሥ ይሙት!" አለኝ።

ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን በንጉሥ የማለ ሰው ዋሽቶ ቢገኝ ዳኛ ፊት ይጠየቅበት ነበር። ስለዚህ ይህ መሐላ ከተማለ ነገር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ገለባ መግለጥ ሰውየውን ፊት ለፊት "ውሸታም" ብሎ መስደብ ነው። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ ብሎ ጎንበስ አልኩ። ሰይድ ክንዴን ያዘኝ።

"አንቺ ዘይነባ፣ ተይ እንጂ! ሰውየው ምሏል እኮ። ደግ በዋለልን ታዋርጅዋለሽ?"

ባል ተቆጣ፣ ሰው ተሰብስቦ ያያል፣ ምን ላድርግ? ቀና አልኩ።

ሁለታችንም ከባዝራዋ ጋር ካሶኒው ላይ ሆነን ሄድን። ወረኢሉን አልፈን ቁልቁለት ስንጀምር ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ባዝራዋ እንዳትወድቅ የኋላ እግሯን ተከለች። ወለሉ ተሰበረና እግሯ እስከ ቋንጃዋ ወደ ታች ገባ። ከታች ጎማው ይሽከረከራል፣ ድንጋዩ ይሮጣል።

ጮህኩ። የጋቢናውን ጣራ በሁለት እጄ ደበደብኩት። ሰይድ አንገቷን አቅፎ "አቁም! አላህን ፍራ፣ አቁም!" ይላል። መኪናዋ ትወርዳለች። በኋላ ሾፌሩ ራሱ እንደነገረን፣ ድብደባውን ሰምቶ ሊያቆም ነበር። ባለመኪናው ነው "ሴትዮዋ ቁልቁለት ፈርታ ነው፤ ንዳ" ያለው። ንዳ!

የቆሙት ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ነው። የእግሯን ነገር አልጽፈውም። ጠመንጃ የያዘ መንገደኛ አገኘንና ለምነነው ገላገላት። ሰይድ ፊቱን አዙሮ ቆመ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። የሄደችው ከነልጇ ነው።

ከዚያ ተመልሼ ካሶኒው ላይ ወጣሁና ገለባውን ጠረግኩት። አሁን የሚከለክለኝ አልነበረም። ሳንቃው ጨው ሲጫንበት ኖሮ በስብሷል፤ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። በተሰበረበት ዙሪያ ደግሞ የተጠፈጠፈ የዘይት ቆርቆሮ በሚስማር ተመትቷል። ሳንቃው መበስበሱን ያየ ሰው ነው ያን ቆርቆሮ የመታው። አይቶ ሸፈነው፣ በላዩ ገለባ ነሰነሰ፣ በላዩ ደግሞ ማለ።

ባለመኪናው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ባዝራችሁ ተወራጭታ ካሶኒዬን ሰበረችብኝ!" ልብ በሉ፣ እኛን መክሰሱ ነው! እኔ ስድብ አላስቀረሁለትም፤ ሰይድ ነው ጎትቶ ያወረደኝ።

በሽማግሌ ያዝነው። ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው ሰውየው የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። በዚህ መሀል ንጉሡ ወርደዋል። ሽማግሌዎቹ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ነበሩ፤ ሁለቱም በአገሩ የተከበሩ። ጉዳዩን ሰምተው ሲያበቁ ቄሱ ጠየቁት።

"ልጄ፣ መኪናዬ ደህና ናት ብለህ በንጉሥ ምለህ ነበር?"

ሳቀ። "ምያለሁ፤ አልክድም። የማልሁበት ግን ወርዷል። አሁን በማን ልትጠይቁኝ ነው?"

ሼሁ "ያረብ!" አሉና አንገታቸውን ደፉ። እውነትም ያኔ የትኛው ዳኛ እንደቆመ፣ የትኛው እንደተሻረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱም ይሄንን አውቆ ነው የመጣው። እኔ አንድ ነገር ይሉልኛል ብዬ የሁለቱንም ፊት አያለሁ። ሰይድ ተነሣ።

"እኔ ያመንሁት ንጉሡን አይደለም፤ አንተን ነው" አለው። በትሩን ይዞ ወጣ። ተከተልኩት።

በዚያው ዓመት፣ በ1967 የካቲት፣ መሬት ላራሹ ታወጀ። ከሕዝቡ ጋር ወጥተን እልል አልን። መሬቱ የእኛ ሆነ፤ የምናርስበት በሬ ግን አልነበረንም። ሰይድና እኔ ያንን መሬት በዶማ ቆፈርነው። ጎረቤት ከጥማዱ ኋላ ሆኖ ሲያፏጭ እየሰማን እኛ አፈር እንቧጥጥ ነበር። ሲመሽ መዳፌ እየነደደ አልጨበጥ ይለኝ ነበር፤ ያኔ ያንን ሰው እረግመዋለሁ።

ሰይድ፣ አላህ ይዘንለት፣ "እርሺው በቃ" እያለኝ ነው የሞተው። ልጆቼም "ለአንድ ፈረስ ይሄን ያህል ዘመን!" ብለው ይስቁብኛል። አንድ ፈረስ አልነበረችም፤ እርሻችን ነበረች። ሰውየው ሳያውቅ ቢሆን ኖሮ ዱሮ ይቅር ባልኩት ነበር። ግን መዶሻ አንሥቷል። ሚስማር ይዟል። ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮ መትቷል። በዚያው መዶሻ፣ በዚያው ሚስማር አንድ ደህና ሳንቃ መምታት ይችል ነበር።