በስቅለት ማግስት የሮጥኩት ሩጫ

መጀመሪያ ያየሁት ሽንቴን ነው። ቀዳም ሥዑር ከቀትር በኋላ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከልምምድ ስመለስ፣ አጥር ሥር ሸናሁ። ጥቁር ነው። ኮካ ይመስላል። ጭኔ ድንጋይ ሆኗል። ለማንም አልተናገርኩም።

እልኸኛ ነኝ፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። የእግር ኳስ ቡድናችን ልጆች በሁዳዴ እንቁላል ሲበሉ፣ እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዴ ሽሮ በልቼ እሮጥ ነበር። «የቄሱ ልጅ፣ በሽሮ ይሮጣል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። እየጾምኩም እበልጣችኋለሁ ብዬ ፎከርኩ። የፋሲካ ማክሰኞ ለዞኑ ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ሊመጡ ነበር።

ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አከፈልኩ፤ እህልም ውኃም አልቀመስኩም። ስቅለት ቀኑን ሙሉ ሰገድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ሃያ ጊዜ ሮጬ ወጣሁ። ማክፈሌን አሠልጣኙ አያውቅም። የንስሐ አባቴንም አልጠየቅኩም፤ በዚያ ሳምንት የኳስ ነገር ማንሣት አፍሬ። አይ ሞኝነት!

ፋሲካ ዶሮው አስመለሰኝ። ሰኞ ፊቴ አበጠ። ማክሰኞ ሽንቴ ቆመ። ምርጫው ቀረብኝ።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ አልሸሸገችኝም። «ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ጡንቻህ ፈርሶ ወደ ደምህ ገብቷል፤ ኩላሊትህን ጎድቶታል። ይህን ሁሉ ቀን ለምን ደበቅከው?» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ።

ለዲያሊሲስ፣ ለኩላሊት እጥበት፣ አዲስ አበባ ላኩኝ። «ኩላሊቴ ይመለሳል?» አልኩ። የዚያው ሐኪም «አሁን አላውቅም» አለኝ። ፈራሁ። ሞት ፈራሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ከአምስተኛው እጥበት በኋላ ጥቂት ሽንት መጣ። አባቴ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቀስ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ፣ ቆይቶም በከዘራ እየተራመድኩ፣ በየሳምንቱ ክሬቲኒኔን፣ የኩላሊቴን ሥራ የሚያሳየውን የደም ልኬት፣ እየተለካሁ ክረምቱን አሳለፍኩት። የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ራሴን ዳበሱኝና «ልጄ፣ ምነው ብትጠይቀኝ? ወይ ልምምዱን ተው፣ ወይ ውኃ ጠጣ እልህ ነበር እኮ» አሉኝ። ክሬቲኒኔ ዛሬም ወደ ልኩ አልወረደም፤ ሐኪሟ ውድድር ከልክላኛለች፤ በቦታዬም ሌላ ልጅ ይጫወታል።

ከሞት ያወጡኝን ሐኪሞች፣ አልጋዬ ሥር የከረሙትን አባቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ጾመኛ ተጫዋቾች፣ ምስርና ሽምብራ፣ ሱፍና ተልባ ሳትሰስቱ ብሉ፤ ከምሽት ምግባችሁ ጋር ውኃ በደንብ ጠጡ። ስታከፍሉ ግን አትሩጡ፤ እረፉ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለአሠልጣኛችሁ ንገሩ፤ የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። ብጠይቅ ኖሮ እኔን ውኃ የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም።