ወንዙን በቀኝ

እትዬ ካውያ ሸሚዝ የምትተኩሰው ከኮሌታው ጀምራ ነበር። ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ጀርባውን በመጨረሻ። ላውንደሪው አዲስ ሠራተኛ በቀጠረ ቁጥር «ከጀርባው ብትጀምሪ ይፈጥን ነበር» የሚል አንድ አዋቂ አይጠፋም። እሷም «አንገቱ የተጨማደደ ሰው ጀርባው ቢያምር ማን ያይለታል?» ትልና ውሃ ረጨት አድርጋ ትቀጥላለች። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ካውያ ነበር የሚላት፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያው ስላት ኖሬአለሁ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን በነፃ ትተኩስልኝና ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ ትሰደኛለች።

የምትኖረው ከላውንደሪው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ውሃ የሚፈላበት ትልቁ በርሜል ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ ክፍሏ ሁልጊዜ ትሞቃለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ካፖርት ነበራት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ከሥራ ስትወጣ ጋደም ብላ ያበጠ እግሯን ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች። እንደዚያ ሆና ሳገኛት «ግድግዳው እንዳይወድቅ ደግፌው ነው» ትለኛለች። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ዓለም የኔ የምትላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ፍራሽ ሰፊው አባቴና የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ጋሼ ሾፌሩ።

ሦስቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። አሁን የምነግራችሁን ተረት ነው የምትሉ ካላችሁ አልከራከራችሁም። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ የተጻፈበት ቀን ያለፈ ኪኒን እንኳ አልሸጥም። የማውቀውን ነው የምናገረው።

አገራቸው ከወንዙ ራስጌ ያለ ሸለቆ ነበር። ልጆች ሳሉ አንድ ማለዳ ጭጋግ ከዳገቱ ወረደና አልነሳ አለ። ይህ ጭጋግ ሸለቆውን አንዴ ከዘጋው ውስጥ ያለ እንደማይወጣ ሽማግሌዎቹ ከጥንት ጀምሮ ሲያወሩ ይሰማ ነበር። የአባቴ አክስት ከደጅ ያገኘቻቸውን ሦስት ልጆች እጅ እጃቸውን ይዛ፣ ወንዙን ተከትላ፣ እየሮጠች አወጣቻቸው። ዛሬ ድልድይ የተሠራበት ቦታ ላይ አድርሳ «ሌሎቹን ላምጣ» ብላ ብቻዋን ተመለሰች። በዚያው ቀረች። ልጆቹን መንገደኞች አግኝተው ወደ ከተማ አመጧቸው፤ ያደጉትም ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው።

አባቴ አክስቱን አጣ፤ ጋሼ ሾፌሩ ወንድሞቹን። የእትዬ ግን የባሰ ነበር። ያን ማለዳ እናቷ ውሃ ቅጂ ብላ ወደ ወንዙ ልካት ነበርና ከዚያው ነው የተወሰደችው። «ደህና ዋይ ሳልላት ወጣሁ» ትል ነበር፣ ካውያውን እየገፋች፣ ማንም ሳይጠይቃት። በሕይወቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ተመልሳ እናቷ ደጅ መቆም ነው።

በሸለቆው ወግ፣ መንገደኛን የሚሸኝ ሰው «የመንገድ ቃል» ይሰጠዋል። አጭር ምክር ነው፤ «ጥላ ያለበት አትተኛ» እንደማለት። መንገደኛው ቤቱ እስኪመለስ ያንን ቃል አይለውጠውም፤ ከለወጠው መንገዱ ይጠፋበታል ይባላል። አክስትየዋ ያን ማለዳ ልጆቹ በጭጋጉ ውስጥ እንዳይስቱ «ወንዙን በቀኝ! ወንዙን በቀኝ!» እያለች ነበር የምታስሮጣቸው። ከእሷ የቀራቸው ይህ ብቻ ነውና ሦስቱም እንደ ጸሎት ይዘውት አደጉ።

አሁን እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። ስትወጣ በቀኝህ የነበረ ወንዝ ስትመለስ በግራህ ነው የሚሆነው። ሕፃን ይህን ያውቃል። እነሱ ግን፣ ሥራ ከያዙ ጀምሮ በየዓመቱ ፈቃድ አውጥተው፣ ስንቅ ቋጥረው ይሄዱና ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ወንዙ በቀኝ እንዲውልላቸው ብለው ይሻገራሉ። ወንዙ ደግሞ ከላይ ለሁለት ይከፈላል። ማዶውን ይዞ የወጣ ሰው የሚደርሰው ሌላውን ገባር ተከትሎ፣ ሣር እንኳ ከማይበቅልበት የድንጋይ ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ ቁጭ ብለው ምሳቸውን ይበሉና «ጭጋጉ ዘንድሮም አልፈቀደም» ብለው ይመለሳሉ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ትስቅባቸው ነበር። አባቴ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አይወድም።

ሌላም ነገር ነበራቸው። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ተማምለዋል። አክስትየዋ የቀረችው ብቻዋን በመመለሷ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ ማንም ብቻውን አይሄድም፤ ብቻውን የሄደ ከሌሎቹ ይለይ፣ ብለዋል። መሐላው መልካም ነበር። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

እኔ ከተወለድኩ በኋላ ባለው ዓመት የሆነውን የነገረኝ ጋሼ ሾፌሩ ነው። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ እትዬ ቆም አለችና «ዘንድሮ ሳንሻገር በዚሁ ብንሄድስ?» አለች። አባቴ ዓይኑ ደም ለበሰ። «የአክስቴን ቃል ልትሽሪ ነው? እኛን ለማውጣት ብላ የቀረችውን ሰው ቃል? ማን ነው እንዲህ በዪ ያለሽ?» ብሎ ጮኸባት። «እንዲሁ አልኩ እንጂ» አለችና የስንቁን ዘንቢል አንስታ ቀድማቸው ተሻገረች። ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ ተናግራ አታውቅም።

ካደግሁ በኋላ እኔም አንዳንዴ እከተላቸው ነበር። እትዬ ሁልጊዜ ድልድዩ መሃል ላይ ትቆምና ያልሄድንበትን ዳር ሽቅብ ታያለች። እግሯ አሟት የምታርፍ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ እግሯ ብቻ ሳይሆን ልቧም ደከመ። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘ። መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ ስትውጥ ፊቷን አጨማዳ «ይህንንስ ማን ይተኩሰዋል?» ትለኛለች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴና ጋሼ ሾፌሩ ሊጠይቋት መጡ። አባቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ ጋሼ በሩን ተደግፎ ቆመ። እኔ ሻይ እቀዳ ነበር።

«የፈቃዳችን ጊዜ ደርሷል» አላት አባቴ። «መራመድ ባትችዪም ግድ የለም። እስከ ድልድዩ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ እንሸከምሻለን።»

«ካላችሁስ ድልድዩን እንዳትሻገሩ» አለችው።

አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። «ደግሞ ጀመረሽ?»

«አልጀመረኝም። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

ሻዩ ሞልቶ ፈሰሰብኝ። እሷ ግን ስለ ሰው ሸሚዝ እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ ነገረችን። እኔ በተወለድኩበት ዓመት አባቴ አራስ ቤት ትቶ መሄድ አልቻለም፤ ጋሼንም መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ከለከለው። የእሷ ፈቃድ ግን ወጥቶ ነበር። እስከ ድልድዩ ብቻ ሄዳ፣ ወንዙን አይታ ልትመለስ ተነሣች። ስትደርስ ጎርፍ ድልድዩን ወስዶት ገና አልተጠገነም። መሻገር አልተቻለም። መመለስም አላስቻላት። በቆመችበት ዳር ሽቅብ፣ ወንዙን በግራዋ አድርጋ ዝም ብላ ሄደች።

«ጭጋጉ እዚያ ነው» አለች። «ስስ ነው፤ ማዶው ይታያል። የእኛ ቤት የመጀመሪያው አይደል? እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ። ቀሚሷ ያው የዚያን ቀኑ ነው። ፀጉሯ እንኳ አልሸበተም። ወደ ወንዙ ታይና ‹አንቺ ልጅ፣ ምነው ቆየሽ?› ትላለች። አቤት ብል እግሬ ይከተላል ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ።»

«ለምን አልገባሽም?» አለ ጋሼ ሾፌሩ።

«የገባ አይወጣም። እኔ ብገባ እናንተ ያን ድንጋይ ስትወጡ ልትሞቱ ነው። ላመጣችሁ ተመለስኩ።»

አባቴ «ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪን?» አለ።

«ነገርኩህ እኮ። ድልድዩ ጋ።»

«እንደዚያ ነው እንዴ የሚነገረው? አየሁ ብትዪ ኖሮ…»

«አየሁ ካልኩ ብቻዬን ሄጃለሁ ማለት ነው። ተማምለናላ። እናንተ ከተለያችሁኝ እኔ ማን አለኝ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ግን እያወቅሽ ነው ወደዚያ ድንጋይ የተከተልሽን?» አለ ጋሼ።

«ብቻችሁን ልስደዳችሁ? ምሳ እንኳ መያዝ አታውቁም» አለችና ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባትና ጀርባዋን ደገፍኳት። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊቱን እንኳ አልሸፈነም፤ እንደ ልጅ ጮክ ብሎ አለቀሰ። እሷም «በል ተው፣ አንሶላዬን ታበላሽብኛለህ» እያለች እጁን ትደባብሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሥራ በሥራ ሆነ። ጋሼ መኪና ለመነ። አባቴ እሷን የሚሸከሙባት ፍራሽ ልሥራ ብሎ ተቀመጠ፤ ቀጠን ያለች፣ በአራቱም ማዕዘን እጀታ ያላት። ምርጡን ጥጥ ፈለቀቀ፣ አልጋ ላይ ለሰነበተ ጀርባ እንዲመች ብሎ መሃሉን አሳብጦ ሞላው። ፍራሹ ባለቀ ጊዜ አንዱ እጀታ ተንጋዷል ብሎ ፈታው። «አባዬ፣ ማን ያየዋል? እንሂድ» አልኩት። «እሷ ታየዋለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ታየው ነበር። እጀታውን ፈትቶ እንደገና ሲሰፋ አንድ ቀን ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ውሃ የሚያፈላው ሠራተኛ በሯን ቢያንኳኳ ዝም አለችው። ሲገባ እግሯ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ሞታለች።

አባቴን እስከ ዛሬ የምታንገበግበው ያች እጀታ ናት። ፍራሿን አልሸጣትም፤ ጠቅልሎ ከሱቁ ጥግ አቁሟታል። ገዢ ሲጠይቅ «የሰው ናት» ይላል።

ዓመቱ ዞሮ የፈቃዳቸው ጊዜ ሲደርስ አባቴና ጋሼ ሾፌሩ ስንቅ አልቋጠሩም። ጋሼ መጣ፣ ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ፣ ስለ ጎማ ዋጋ አወራ፣ ሄደ። እኔ ነገር በሆዴ ማሳደር አላውቅበትም።

«አባዬ» አልኩት «ዕድሜህን ሙሉ የፈለግከውን መንገድ አሁን ታውቀዋለህ። እግርህ ገና ደህና ነው። ስለ እኔ ከሆነ የምታስበው እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ሂዱ፤ ቢያንስ ሁለታችሁ ግቡ። እሷም ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነው።»

አባቴ የፍራሽ መርፌውን ከአፉ አወጣ። የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልተቆጣም።

«ልጄ» አለኝ «የእነ እትዬ ካውያ ቤት እኮ የመጀመሪያው ነው። በእሱ ደጅ ሳያልፉ መግባት የለም። ሴትዮዋ አሁንም በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ሸብቼ፣ ይህን መርፌ ተሸክሜ በፊቷ ሳልፍ ‹ልጄስ?› ብትለኝ ምን እላታለሁ?»