ሰላምታ የጎደለው ዜማ

አዲስ የናይለን ክር ጊታር ላይ በወጠርኩ ቁጥር፣ ክሩ እስኪረጋ የሚያሰማው ሲጥሲጥታ ደሴ ያለውን ቤታችንን ከነአባቴ የስፌት መኪና ድምፅ ይዞብኝ ይመጣል። ጊታሩን በክረምት መግቢያ ያመጣልኝ ኮምቦልቻ የሚኖረው አጎቴ ነበር፤ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ከስልክ እያየሁ፣ የጣቶቼ ጫፍ እስኪላጥ ብቻዬን እለማመድ ነበር። አባቴ ከመኪናው ቀና ሳይል «ልጅሽ እንጨት ሲያክክ ነው የሚውለው?» እያለ እናቴን ይጠይቃት ነበር። በኋላም ፈረደ፦ እስከ ጥቅምት ሰው የሚገባው ነገር ካላሰማሁት ጊታሩ ኮምቦልቻ ይመለሳል።

መስከረም ሲጠባ ደሴ ዙሪያ ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ በእግር እንሄድ ነበር። በጎመንና በካሮት ማሳ መሃል የሚያልፈውን ቀጭን መንገድ፣ በድንጋይ የምንሻገረውን ወንዝ፣ ከዚያ ዳገቱን፣ ሁሉንም ጭኔን በጣቴ እየመታሁ በዜማ እይዘው ነበር። አባቴ ግን ሰው ባገኘ ቁጥር ቆሞ ስለ ልጁ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ባቄላው ይጠይቃል፣ ይጠየቃል፤ ተለያይተው ጀርባ ከተሰጣጡ በኋላም ጥያቄው አይቆምም ነበር። እኔ ዜማው እንዳይጠፋብኝ እየተቁነጠነጥኩ እጅጌውን ይዤ እጎትተው ነበር።

ጥቅምት ላይ ያንን መንገድ ያለ ዘፈን፣ በጊታር ብቻ ሠርቼ አሰማሁት። ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ወላሂ ወንዙን አወቅሁት» አለ። «ዳገቱም ራሱ ነው። ግን ያን ሁሉ ስትሄድ ሰው አላገኘህም?»

«አግኝቻለሁ፣ አባ።»

«ታዲያ ማንንም ሰላም ሳትል ነው የደረስከው? የማን ልጅ ነው አይሉም?»

«ኧረ ጊታር እኮ ነው» አለች እናቴ።

«ቢሆንስ? በሰው ደጅ ነው ያለፈው።»

እስከ ጁምዓ ጊዜ ሰጠኝ። ዜማውን በየመታጠፊያው አቁሜ፣ ወፍራሙ ክር እየጠየቀ ቀጭኑ እየመለሰ፣ ሰላምታው ከመንገዱ እስኪረዝም ድረስ ሠራሁት። ጁምዓ ከሶላት ሲመለስ አጫወትኩለት። መጀመሪያ አንገቱን ነቀነቀ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ወንዙ ዘንድ ስደርስ ጊታሩን «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?» አለው። እናቴ በሻሿ አፏን ሸፈነች፤ ጊታሩም በዚያው ቤታችን ቀረ።

ዛሬ ያ መንገድ ባጃጅ ያስገባል፤ ሾፌሩ አንዴ ጡሩምባ ነፍቶ መንደሩን በሙሉ ሰላም ይልና ያልፋል፣ እኛም ቶሎ እንደርሳለን። ፒያሳ ባለ አንድ ካፌ ያንን ዜማ ስጫወት ሰዎች በየሰላምታው ያለቀ እየመሰላቸው ያጨበጭባሉ፤ እኔም እጄን ክሩ ላይ አሳርፌ፣ አንገቴን ዝቅ እያደረግሁ እስኪጨርሱ እቆማለሁ። ያኔ አባቴን እንዲህ መጠበቅ አልችልበትም ነበር።