የዋንዛ በሮች የነበሯት መኪና

ዛሬም አሶሳ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በራፍ ሳልፍ የዋንዛ ሰጋቱራና የቫርኒሽ ሽታ ካወደኝ፣ ባጃጁን አስቁሜ ልውረድ ልውረድ ይለኛል። የልጅነት ቤታችን ሽታ ነዋ!

አባዬ አናጢ ነበር። አንድ በጋ፣ ከወገቧ በላይ አካሏ እንጨት የሆነ አሮጌ ስቴሽን ዋገን አስጎትቶ አምጥቶ ግቢያችን መሀል አቆማት፤ ሞተሯ ይነሳ ነበር፣ እንጨቷን ግን ምስጥ ስለጨረሰው በጣት ሲነኩት ይፈርስ ነበር። እማዬ «ማገዶ ነው ያመጣህልኝ?» ብላ ሳቀች። እሱ ግን ቃል ነበረበት፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ እንደ ልጁ ያሳደጋትን ታናሽ እህቱን፣ አክስቴን ጫልቱን፣ ስታገባ በገዛ መኪናው ወስዶ ሊያስረክባት።

ያን በጋ ግቢያችን ሰጋቱራ ለብሶ ከረመ። አባዬ የሰው ሥራውን ሲጨርስ ዋንዛውን እየላገ፣ በኮላ እያጣበቀ በሮቹን አንድ በአንድ ይገጥም ነበር፤ እኔና ጫልቱም ገና ጣሪያ ያልነበራት መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ በሐሳብ እጮኛዋ አገር ባምባሲ ደርሰን እንመለስ ነበር። ለቤት በር ሁልጊዜ እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ የሚሆን ክፍተት ይተው የነበረው ሰው፣ ለዚህች መኪና ክር የምታስገባ ቀዳዳ እንኳ አልተወም። «የጫልቱን ነጭ ቀሚስ አቧራ አይነካውም!» ይል ነበር።

ሠርጉ ግንቦት ላይ ዋለ። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር በሮቹን የዘጋናቸው በትከሻ እየገፋን ነው። እስከ ባምባሲ ዶፍ ሲወርድብን ሄዶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ፣ የፊቱም የኋላውም በር እንቢ አለ። አባዬ በመስኮት ሾልኮ ወርዶ ከውጭ ቢጎትት፣ ቢታገል፣ ወይ ፍንክች! ሙሽራው ዣንጥላ ይዞ ቆሟል። የሙሽራው አጎት «ኦቦ ገመቹ፣ እህትዎን ላለመስጠት ነው እንዴ በሩን የቸነከሩት?» ሲሉ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሼ፣ በቃ ተቀበለኝ!» አለችው ጫልቱ፤ ቀሚሷን ሰብስባ በመስኮት ስትወጣ አባዬ አቅፎ ተቀበላት፣ ጭቃ እንዳይነካት ብሎ እስከ በረንዳው ተሸክሟት ሄደ። ደረቁ ሲሚንቶ ላይ ከደረሰ በኋላም ቶሎ አላወረዳትም። ይስቅም፣ ያለቅስም ነበር።

አሁን ሠርግ ሁሉ ቅልጥፍ ያለ ነው። እኔን የወሰደችኝ በኪራይ የመጣች ነጭ መኪና ነበረች፣ ምን የመሰለች! ስትቆም በሯ በአንድ ጣት ተከፈተና ወረድኩ። አባዬ ከኋላ ከነበረው መኪና ወርዶ ሲደርስ፣ እኔ ከባሌ ጋር ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ነበር።